ከስልክ የተወሰደ ግፊት

ዶክተር አምሐ የጀሊላን የማስተርስ ጽሑፍ ገና ሳይገልጡት ነበር የጠሉት። ዕድሜያቸውን በላም እበት ጋዝ ላይ የፈጁ ሰው ናቸው፤ አንዲት የወረታ ነጋዴ ልጅ ከጎርጎራ ዳርቻ እንቦጭ ነቅላ፣ በበርሜል አብላልታ፣ «አረሙ ከእበት የበለጠ ጋዝ ይሰጣል» ብላ ስትመጣባቸው ምን ያስደስታቸዋል? በዲፌንሱ ቀን ፈታኝ ሆነው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እሳቸው ካልፈረሙ ምርቃት የለም።

«ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንቦጭ 312 ሊትር» አሉ እያነበቡ። «እበት 280። እሰየው! በስታንዳርድ ሙቀትና ግፊት ነው አይደል?»

«አዎ ዶክተር። ዜሮ ዲግሪ፣ አንድ አትሞስፌር።»

«የክፍሉን ግፊት በምን ለካሽው?»

የቤተ ሙከራው ባሮሜትር የተሰበረው በቅርቡ ነው፤ ጀሊላ ሳይሰበር ለካሁበት ብትል የሚያጣራ የለም።

«አልለካሁትም። ከስልኬ የአየር ጠባይ ገጽ ወሰድሁት፤ 1018 ሄክቶፓስካል።»

ዶክተር አምሐ ወንበራቸው እስኪንቋቋ ሳቁ።

«ስልክሽ የሚያሳይሽ እኮ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ግፊት ነው! ከተማዋ ባሕር ዳር ስለተባለች ምጽዋ ያለሽ መሰለሽ? 1800 ሜትር ላይ ነሽ እመቤቴ! እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ጋዝሽ የሚጫነው አጥቶ ነው ያበጠው። በይ፣ በ1018 ፋንታ የዚህን ግፊት 822 አስገቢና ሰሌዳው ላይ አሳዪን።»

«አምሐ፣ ቀስ» አሉ ሰብሳቢዋ ዶክተር የሻሽወርቅ።

«ቀስ ብዬማ ነው። ብቸኩል አባርሬያት ነበር።»

ከኋላ ተማሪዎች ሳቁ። ጀሊላ ጀርባዋን ሰጥታቸው አሰላች። ሰውየው ተሳስተው ቢሆን ስድቡን ትችለው ነበር። ዜሮ ዲግሪው፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ሁሉም በቦታው ነበር፤ የተበላሸው ግፊቱ ብቻ። 252 ብላ ጻፈች።

«ከእበት አነሰች!» አጨበጨቡ አምሐ። «እንግዲህ ምን ቀረሽ?»

«252 ሊትር» አለች ዞራ። «እበቱን ገበሬው ኩበት አድርጎ ያነደዋል፣ ማሳውን ያዳብርበታል። እንቦጩን የሚፈልገው ሰው የለም። ቢያንስም ሊትሩ በነፃ ነው።»

«ይሄ ጽሑፍሽ ውስጥ የት ገጽ አለ?»

«የለም።»

«የሌለ ነገር ላይ አልፈርምም።» ጽሑፉን በጣታቸው ጫፍ ገፉት፤ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም፤ ራሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ዶክተር የሻሽወርቅ ተነፈሱ። «ከርዕሱ ጀምረሽ አስተካክለሽ በሚቀጥለው ዙር ትቀርቢያለሽ። ከፈለግሽ ሌላ ፈታኝ ይመደብልሽ፤ መብትሽ ነው።»

«አይቀየርብኝ» አለች ጀሊላ፣ አምሐን ዓይን ዓይናቸውን እያየች። «እሳቸው ናቸው የሚፈርሙልኝ።»