የምዋንሳ መልስ

ቺሉፍያ ሙምባ በሉዋንሽያ ከተማ ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለች አዋላጅ ነርስ ናት። በሌሎች ሴቶች ገላ ላይ ጣቶቿን አሳርፋ ስንቱን ነገር ቀድማ የምታውቅ ሴት፣ አንድ ቀን ስትታጠብ በራሷ ግራ ጡት ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ባገኘች ጊዜ ግን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላገኘሁም እያለች ራሷን ስታታልል ከረመች። በአራተኛው ቀን ንዶላ ወደሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል ሄደች። ናሙና ወሰዱላትና ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚደርስ ነገሯት።

ለባሏ አልነገረችም። ካሶንዴ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደም ግፊት አለበት፣ ደግሞ ሲደነግጥ የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ለሥራ ባልደረቦቿ መንገር ደግሞ ለከተማው ሁሉ እንደ መንገር ነው። የምትነግራት ሰው አንድ ብቻ ነበረች፤ ምዋንሳ።

የተዋወቁት በአሥራ ሦስት ዓመታቸው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በተደራራቢው አልጋ ቺሉፍያ ከላይ፣ ምዋንሳ ከታች ይተኙ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የቺሉፍያ ጫማ ተሰረቀና እሑድ እሑድ በምዋንሳ ጫማ ተራ ገቡ። አንዷ በጠዋቱ የቅዳሴ ሰዓት ተጫምታው ትሄድና ስትመለስ ሌላዋ በር ላይ ተቀብላት፣ እግሯን አጥልቃ ወደ ሁለተኛው ትሮጣለች። ሲያድጉ ምዋንሳ ካብዌ ውስጥ የሂሳብ አስተማሪ ሆነች። ከሉዋንሽያ ካብዌ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ይጻጻፉ ነበር። በየዓመቱም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዷ የአንዷን ቤት ሳትረግጥ አትቀርም ነበር። የቺሉፍያን የበኩር ልጅ ከእናቱ ቀጥሎ ያቀፈችው ምዋንሳ ናት።

ከዚያ ስልኩ መጣ፤ ከስልኩ ጋር ፌስቡክ መጣ። መጀመሪያ ላይ በረከት ነበር። ቺሉፍያ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የምዋንሳን አዲስ ቀሚስ፣ የምዋንሳን የጓሮ ዱባ፣ የምዋንሳን ተማሪዎች ታያለች። ላይክ ታደርጋለች። ምዋንሳም የእሷን ላይክ ታደርጋለች። ሁሉን ስለምታውቅ የናፈቀቻት አይመስላትም። እንዲህ እንዲህ እያለ መሄዱ ቀረ። መሄዱ ይቅር ያለ ሰው ግን የለም። አንድ ዓመት በሥራ፣ አንድ ዓመት በባል ሕመም ታለፈ፤ በሦስተኛው ዓመት ያነሳው አልነበረም። መደወሉም ቀረ፤ ስልክ ሲጮህ ሰው ሞተ እንዴ የሚያሰኝ ሆነ። ፊት ለፊት ከተያዩ ስድስት ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ሁለቱም ግን አልቆጠሩትም።

ቺሉፍያ ከሥራ ወጥታ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና በውስጥ መስመር ጻፈችላት። አንድ ሰዓት ፈጀባት። ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ፣ እብጠቱን፣ ናሙናውን፣ ፍርሃቷን ዘረገፈችው። ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ጽሑፉ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት መጣ። መልስ ግን የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ።

«አሜን ውዴ። እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል» ይላል። ከሥሩ አንድ ቢጫ አውራ ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ምዋንሳ ፎቶ ለጠፈች። ሰርግ ላይ ናት። አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ከመቶ ሰው በላይ ላይክ አድርጎላታል። ቺሉፍያ ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያ ስልኩን በግንባሩ ደፋችውና ወደ ማዋለጃ ክፍል ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። የሚገርመው፣ ከእብጠቱ ይልቅ ያ ቢጫ አውራ ጣት አመማት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓደኛዬ ስል የኖርኩት ማንን ነው፣ እያለች ታስባለች። ኃይለ ቃል ትጽፍና ታጠፋዋለች፤ እንደገና ትጽፍና ታጠፋዋለች። ምዋንሳ አዲስ ፎቶ በለጠፈች ቁጥር ዝም ብላ ታልፈዋለች። ላይክ ስትከለክላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ምዋንሳ ግን የገባትም አይመስልም።

የውጤቱ ቀን ደረሰና ንዶላ ሄደች። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ፣ ካንሰር አይደለም፣ ጉዳት የሌለው እብጠት ነው፣ ከፈለግሽ ይወጣል፣ ካልፈለግሽም እየተከታተልነው ይቀመጣል አለቻት። ቺሉፍያ ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት። ሦስተኛ ጊዜ ስታስደግማት ሐኪሟ ፈገግ ብላ ወረቀቱን ራሱን ሰጠቻት።

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለአንድ ሰው ልንገር ብላ ስልኳን አወጣች፤ ጣቷ ሳታዘው ወደ ምዋንሳ ስም ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ደስታው ንዴቱን ቀሰቀሰው። መናኸሪያ ስትደርስ በአንድ በኩል ሉዋንሽያ ይጣራል፣ በሌላ በኩል ካብዌ ይጣራል። ለካሶንዴ ደውላ ምዋንሳ ጋ ልሄድ ነው፣ ነገ እመለሳለሁ አለችው። ማን ሞቶ ነው ብሎ ጠየቃት። ማንም አልሞተም አለችና ካብዌ በሚሄደው ተሳፈረች።

ሦስቱን ሰዓት የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። ለቅሶ አይኖርም፣ ጩኸት አይኖርም። ስልኳን አውጥታ አውራ ጣቱን ታሳያታለች፤ ይኼ ምንድን ነው ብላ ትጠይቃታለች፤ ከዚያ ተነስታ ትሄዳለች።

ቤቱ ጋ ስትደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በፎቶ የምታውቀው ሰማያዊ በር ቀለሙ ተላልጦ ዝጓል። ዱባ የሚንዠረገግበት ጓሮ ደርቆ ቀርቷል። ምዋንሳ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍላለች፤ ወደ እጇ አታይም። ከስታለች። ቺሉፍያ አምስት እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። ምዋንሳ ቀና ብላ ፊት ለፊት አየቻት።

«ማን ልበል? ቤት ፈልገው ነው?» አለቻት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ።

የቺሉፍያ ደም ፈላ።

«ጭራሽ አላወቅሁሽም በይኛ» አለች።

ሰፌዱ ከምዋንሳ ጭን ላይ ወደቀ፤ ለውዙ በረንዳው ላይ ተበተነ።

«ቺሉ? ቺሉ ነሽ?»

ተነስታ እጇን ዘረጋች። እጇ ግን ወደ ቺሉፍያ አልመጣም። ወደ ጎን ሄዶ አየር ጨብጦ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ያን ጊዜ በቺሉፍያ ውስጥ ነርሷ ነቃች። ሦስት ሰዓት ያጠናችው ንግግር ከአእምሮዋ ድራሹ ጠፋ። የምዋንሳን እጅ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችው።

ምዋንሳ አቅፋት ቆማ ነገሩን ነገረቻት። ከሁለት ዓመት በፊት ግራው ዓይኗ እንደ ጉም ይጋርዳት ጀመር። ዓምና ቀኙ ተከተለ። አባቷ በሃምሳ ዓመታቸው ታውረው፣ በሰው እጅ እየተመሩ ኖረው ነው የሞቱት። የኔም ተራ ደረሰ ብላ ተቀበለችው። ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ከሐኪም አፍ ከሰማችው ያከትማል ብላ ፈራች። ትምህርቱን በቃሏ ስለምታውቀው ተማሪዎቹን እያስነሳች ሰሌዳው ላይ ታሠራቸዋለች። ደብተር የምታርምላት ቶዌላ ናት፣ የወንድሟ ልጅ። ቶዌላ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ እስክትገባ አክስቷ ጋ ተቀምጣለች። ስልኩንም የያዘችው እሷ ናት። ሰው ምነው ጠፋሽ እንዳይል የድሮ ፎቶ እየፈለገች ትለጥፋለች፤ ለሚጽፈውም ሁሉ ትመልሳለች።

«አረንጓዴ ሻሽ ያሰርሽበት ሰርግስ?» አለች ቺሉፍያ።

«እሱማ አራት ዓመቱ ነው።»

«እኔ የጻፍኩልሽስ?»

«ሰላም ብላሻለች ትለኛለች። ሌላ ምን ጽፈሻል?»

ቶዌላ ውሃ በብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እንደ አገሩ ልጆች በጉልበቷ ወርዳ ውሃውን አቀረበችና እዚያው ቀረች።

«አንብቤዋለሁ ማማ» አለች ለቺሉፍያ። «እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ሴት አያቴ፣ የአክስቴ እናት፣ የሞቱት በዚያ በሽታ ነው። አክስቴ ደግሞ ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ታለቅስ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራት? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ሁለት ቀን አለፈ። ዝም ካልኩ ይከፋዎታል ብዬ ለሌላው ሰው የምጽፈውን አሜን ጻፍኩልዎት።»

«የምን በሽታ?» አለች ምዋንሳ። የቺሉፍያን ክንድ የያዙት ጣቶቿ ጠነከሩ። «የምን በሽታ ነው የምትለው?»

«አይደለም» አለች ቺሉፍያ ፈጥና። «ዛሬ ውጤቱን ተቀብዬ ነው የመጣሁት። ካንሰር አይደለም። ደህና ነኝ፤ ስሚኝ፣ ደህና ነኝ።»

ምዋንሳ ፊቷን በሁለት እጆቿ ይዛ ዳበሰቻት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ከዚያ ትከሻዋን በጥፊ መታቻት። ከዚያ አለቀሰች። ቺሉፍያም ሦስት ሳምንት ጠብቃ ያላለቀሰችውን እዚያው በረንዳ ላይ አለቀሰችው።

ሲረጋጉ ምዋንሳ «አንብቢልኝ» አለቻት።

«ምኑን? አልፏል እኮ።»

«ለአንቺ አልፏል። ለእኔ ገና አሁን መድረሱ ነው።»

ቺሉፍያ ስልኳን አውጥታ የራሷን ጽሑፍ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ አፈረች፤ ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። ምዋንሳ ግን በየመስመሩ ታቋርጣታለች። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ደውለሽልኝ አብረን እናነጋ ነበር አለች። «ለካሶንዴ እንዳትነግሪ» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ አልነግርም አለች፣ የምር የምትምል መስላ። «ምዋንሲ፣ ፈርቻለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን አጥብቃ ያዘቻትና እስክትጨርስ ድረስ አለቀቀቻትም። ቺሉፍያ አንብባ ስትጨርስ ሲከብዳት የከረመው ነገር የለም። የትኛው መስመር ላይ እንደተነሳ አላወቀችም።

«በይ አሁን ተራው የእኔ ነው» አለች። «ወደ ብርሃኑ ዙሪ።»

የስልኳን መብራት አብርታ ዓይኗን መረመረች። የብሌኑ መሃል ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የአባትሽ ዓይን እንዲህ ነጭ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ምዋንሳ አሰበች። የለም፣ የአባቷ ዓይን ጥርት ያለ ነበር፤ የማያውቅ ሰው መታወራቸውን እንኳ አያምንም ነበር።

«እንግዲያው ያንቺ የሳቸው አይደለም። የዓይን ሞራ ነው ያንቺ። የዓይን ሐኪም አይቶ ይበለው እንጂ፣ ይኼ የሚገፈፍ ነገር ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ግማሽ ሰዓት?»

«የሂሳብ አስተማሪ አይደለሽም? ለግማሽ ሰዓት ሥራ ሁለት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀመጥሽ። ስንት ነው ኪሳራው? አስቢው እስቲ።»

ምዋንሳ ሳቀች። «ቀጥይ» አለች፤ «ስድብሽ ናፍቆኛል።»

ቶዌላ ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ከዱባ ቅጠል ወጥ ጋር አቀረበችና ራሷ ሳትበላ ጓዳ ውስጥ ተደበቀች። ቺሉፍያ ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ያደረገችው ልክ አልነበረም፤ ግን ሁለት ትልልቅ ሴቶች ሊሸከሙት የሚገባቸውን ብቻዋን ስትሸከም ቆይታለች፤ ይህንንም ነገረቻት። ምዋንሳ ግን እንዲሁ አልለቀቀቻትም። «ሁለተኛ በእኔ ስም አሜን እንዳትዪ» አለቻት። ቶዌላ እሺ ስትል ድምጿ ሳቅ ሳቅ አለው፤ ቀስ ብላም መብላት ጀመረች።

ምዋንሳ በማግስቱ ለትምህርት ቤቷ ኃላፊ እውነቱን ተናገረችና የሕክምና ፈቃድ ወሰደች። ከወር በኋላ ንዶላ ውስጥ ቀኙ ዓይኗ ተሠራ፤ ግራው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በዚያ ወር ሁለቱ በየቀኑ ተደዋውለዋል። ካሶንዴ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጡን ተወ። ፌስቡኩን አልዘጉትም፤ ፎቶ ማየት አሁንም ይወዳሉ። ከበድ ያለ ወሬ ሲሆን ግን እንደዋወላለን ተባብለዋል።

ፋሻው በተነሳ ቀን ቺሉፍያ ፊቷ ተቀምጣለች። ምዋንሳ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አርጅተሻል» አለቻት።

«አመሰግናለሁ።»

«ፎቶሽ ላይ ግን ይኼ ሁሉ መስመር የለም።»

«ፎቶዬን ልጄ ናት የምታሳምረው። ያንቺስ ቢሆን አራት ዓመት ዘግይቶ አይደል የሚወጣው?»

ሐኪሙ ሁለቱ ሴቶች በምን እንደሚስቁ አልገባውም፤ መድኃኒቱን በቀን አራት ጊዜ እንድትጨምር ነግሯት ሸኛቸው።

ወደ መናኸሪያ በእግር ሄዱ። ምዋንሳ ክንዷን አላስያዘችም። መንገድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ትሄዳለች፤ የፀጉር ቤቱን፣ የጎማ ጥገናውን፣ የቀብር ሣጥን ሻጩን፣ አውቶቡሱ ኋላ የተጻፈውን የሹፌሩን ጸሎት። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያቸዋል። ቺሉፍያ ዝም በይ ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተወችው። እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ ጎን ለጎን ሄደች፤ ምዋንሳም የሚቀጥለውን አነበበች።