የሙኒም ፍርምባ

ስምንት ወር እንቅልፍ አጥቶ የከረመ ልጅ ተኝቶ ሲገኝ ይቀሰቀሳል? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም። የዚያን ቀን ግን ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ፣ አፍንጫው በጉንፋን ተደፍኖ ሲያንኮራፋ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ቀስቅሺኝ ብሎኝ ነበር። አልቀሰቀስኩትም።

አብዱልሙኒም የልጄ የራህመት ልጅ ነው፤ እኛ ሙኒም ነው የምንለው። ኮሌጁን አቋርጦ እዚህ ሳን ሆዜ ቤታችን መጋረጃውን ዘግቶ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ምግብ በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ሲመሽ እንዳለ አነሳዋለሁ። ሐኪሙ «ብቻውን እንዳትተዉት» ካለን ወዲህ ራህመት ሥራ ስትሄድ እኔ ስሰግድ እንኳ ጆሮዬ እሱ ጋ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በጎኑ የተኛ በርሜል የመሰለ ጥቁር ብረት ጓሮ አቆመ። ስሞከር ይሉታል። ከጎኑ የእሳት ሣጥን አለው፤ እንጨቱ እዚያ ይነዳል፣ ሥጋው በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ በጭስ ይበስላል። አገር ቤት፣ ሐይቅ ሳለን፣ ጭስ የሚበዛበት እሳት የታመመ እሳት ነው የሚባለው፤ ይሄ ልጅ ግን ጭሱን ፈልጎ ነው የሚያነደው። ይሁን አልኩ። መጋረጃው ተከፈተ፣ መብላት ጀመረ፤ ያንን ብረት ብስመውም አላፍርም ነበር።

ኦክላንድ አፕታውን ላይ ሐላል ምግብ ቤት ያለው ዘይኑ የሚባል የደሴ ሰው አለ። ራህመት መስጊድ አግኝታ ለልጇ ሥራ ስትለምነው፣ «ፍርምባ አጭሶ ያምጣልኝ። ከጣመኝ ቅዳሜና እሁድ ኪችኑን ለሱ እለቃለሁ። ካልጣመኝ ግን ዘመድ ነው ብዬ አልዋሽም» አለ። ሐሙስ ከኢሻ በፊት እንዲደርስ ተቀጠረ። ሙኒም ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ሐሙስ ብቻ አወራ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ቀን ሲያወራ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ታዲያ ያን ሳምንት ብርድ ወረደብን። የጓሮው የውሃ ጎማ ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኖ ጎማው እንደ ዱላ ቆመ፤ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጣ። ለሐሙስ አጥቢያ ሙኒም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ከሱብሒ በፊት እሳቱን አያያዘ። ብረቱ የበላውን ሙቀት ሁሉ ለብርዱ ይሰጣል። ልጁ በየሃያ ደቂቃው እንጨት እየጨመረ፣ እያስነጠሰ፣ ጣቶቹ ላይ እየተነፈሰ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሣጥኑን እንጨት ሞልቶ ገባና ትንሿን የሙቀት መለኪያ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«እማማ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ልተኛ። ይሄን ነምበር እዪው። ከሁለት መቶ ሃያ አምስት ከወረደ ዌክ ሚ አፕ። አንቺ ምንም እንዳትነኪ። ፕሮሚስ?»

«እኔ እሳት አላውቅም? እናትህን ያሳደግኳት በማይክሮዌቭ ነው?»

ሳቀ። «ፕሮሚስ በይኝ።»

«እሺ፣ ፕሮሚስ።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቁጥሩ ሁለት መቶ ሆነ። ልቀሰቅሰው ሄድኩ። ያኔ ነው ያ ማንኮራፋቱ የያዘኝ። ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ሳብኩለትና በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ወጣሁ። ለዚች ለዚች እሱን ምን አስነሳው፣ እኔስ ምን ሞቼ!

እንጨቱ አመዳይ ጠጥቷል። ሁለት ፍልጥ ብጨምርበት ይብስ ተጫጫሰ። ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩ፣ በካርቶን አራገብኩ፤ ዓይኔ ተቃጠለ እንጂ እሳቱ አልነቃም። መቶ ሰባ። መቶ ስድሳ። ሥጋው ሲበርድብኝ ታየኝ፤ ሙኒም ተመልሶ መጋረጃውን ሲዘጋ ታየኝ። ሮጬ ጋራዥ ገባሁ። ባለፈው ኢድ ለጥብስ የተገዛ የከሰል ማቀጣጠያ ፈሳሽ ነበረ፤ ባሸተው ያው የኛው ላምባ ነው። እኛ አገር በክረምት ከሰል እምቢ ሲል ላምባ ጠብ እናደርግበታለን፣ ሽታው እስኪወጣ ጠብቀን ድስት እንጥዳለን። ሥጋው እዚያ ማዶ፣ እሳቱ እዚህ፤ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ሁለቴ አፈሰስኩበት።

እሳቱ ቦግ አለ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ቆመ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጠርሙሱን መለስኩት።

ሙኒም ከአስር ሶላት በፊት በርግጎ ተነስቶ ወጣ። «ቱ ፊፍቲ! እማማ፣ እንዴት አደረግሽው?»

«እንጨት ጨመርኩበት።»

«ዩ ሴቭድ ሚ!» ብሎ ከመሬት አነሳኝ። ወገቤ ሲንቋቋ ተሰማኝ። በዚያ ደስታ ላይ ላምባ የሚባል ቃል ከየት ይውጣ? ፍርምባውን አውጥቶ በወረቀት ጠቀለለና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አሳርፎት ሊታጠብ ገባ።

ያኔ ጎረቤቴ ኣክበረት በጓሮ በር ገባች። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ምላስ ያላት ሴት ናት።

«ራቢዓ፣ በጾመ ነቢያት ሥጋ እያሸተትሽኝ ኃጢአቱን አንቺ ነሽ የምትሸከሚው!»

«ብትፈልጊስ የእስላም ሥጋ ትበያለሽ?»

«አልበላም፤ ማሽተት ግን ማን ከልክሎኝ።» ወደ ጥቅሉ ጎንበስ አለችና ፊቷ ተለወጠ። «ዋይ! ምንድነው ይሄ? ላምባ ላምባ ይላል እኮ።»

«ዝም በይ!»

«እኔማ ዝም እላለሁ። ያ ኦክላንድ ያለው ሰውዬ ግን አፍንጫ አለው አይደል?»

ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ አሸተትኩ። ራሱ ነው። ኣክበረት ገባትና ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ወጣች።

የሻወሩን ውሃ እያዳመጥኩ ቆምኩ። ዝም ብል፣ በሰው ፊት ይተፉበታል። ብናገር፣ እኔው ነኝ የምሰብረው። ያ ረቢ፣ ከሁለቱ የቱን ይችለዋል?

ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። «ሌትስ ጎ፣ እማማ! ዱዓ አድርጊልኝ።»

«ሙኒሜ፣» አልኩት፣ «እሳቱ ላይ ላምባ ጨምሬበታለሁ።»

«ዋት ኢዝ ላምባ?»

ጠርሙሱን አምጥቼ አሳየሁት። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ቢላ አነሳና ከዳሩ ቆረጠ። ውስጡ ሮዝ ነው፣ ወዙ ይፈሳል፤ ሲያዩት የሠርግ ሥጋ ነው። አሸተተ። አኘከ። ደጋግሞ አኘከ።

«አይ ካንት ቴስት ኤኒቲንግ» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። ሌላ ቆርጦ ወደኔ ዘረጋ። «አንቺ ቅመሺው። ዶንት ላይ ቱ ሚ።»

ጎረስኩ። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬው መጣ፣ ቀጥሎ ጣፋጩ ጭስ፣ ቀጥሎ ያ ነገር ምላሴን ይዞ አልለቅ አለ። መትፋት አልቻልኩም፤ እያየኝ ነው። ዋጥኩት። «ጥሩ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ፊቴን አየ። ቢላውን አጥቦ ቦታው መለሰ። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ በራ፤ የዘይኑ ስም ነው። አላነሳውም።

«ሙኒም፣ ሌላ ቀን እንለምነዋለን። እኔ ራሴ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እለዋለሁ። በእግሩ እወድቃለሁ። ሙኒሜ፣ ስማኝ! ጩህብኝ እንኳ፣ ስደበኝ!»

ጃኬቱን ወንበሩ ላይ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በዚያች ነጭ ሸሚዝ ወደ በሩ ሄደ። ክንዱን ልይዝ እጄን ብዘረጋ በቀስታ ዞር ብሎ አለፈኝ። በሩን እንኳ አላጋጨውም። ብቻውን ወደ ብርዱ ወጣና ቀስ አድርጎ ዘጋው።