ከውሰር የጠቆመችው ሥዕል

ዓፊያን የሚያንገበግባት ነገር ቢኖር፣ ፊደል ስላልቆጠረች ዓይንም እንደሌላት መቆጠሯ ነው። ሟች ባሏ ኢብራሂም በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ከመርከበኞች እየለመነ ያመጣላትን የሥዕል መጽሔቶች ይኸው እስካሁን ታገላብጣለች። ካባ ደርቦ ሰማይ የሚሰነጥቀውን፣ ሙታንታውን ከሱሪው በላይ የሚያጠልቀውን ጉልበተኛ እንደ ጎረቤቷ ታውቀዋለች። በየገጹ ኩሬ ውስጥ የሚዘፈቀውን ቦርጫም ፖሊስ ስታይማ ጥርሷ አይከደንም።

"የማታነቢው ነገር ምኑ ነው የሚያስቅሽ?" ይላታል ባጃጅ ነጂው ልጇ ሙሀመድኑር።

"አንተስ የምታነበው መቼ አስቆህ ያውቃል?" ትለዋለች።

ዛሬ ግን ሳቅ የለም። የልጅ ልጇ ከውሰር መደቡ ላይ ተጋድማ ትንቀጠቀጣለች። ላቧ አንሶላውን አርሶታል፤ ለሐጯ በአገጯ ይወርዳል፤ የበላችውን ሁሉ አስታውካ ጨርሳለች። ከአፏ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ፊት የለውም! አዮ፣ ፊት የለውም!" እያለች አያቷን ትጣራለች።

ምራቷ ጀነት መጽሔቶቹን ከሣጥን አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። በአንድ እጇ ክብሪት ይዛለች።

"አንቱ፣ ሥዕል ያለበት ቤት መላይካ አይገባም ሲባል አልሰሙም? ይኸው ጅኑ ልጄ ላይ ሰፈረ! ላቃጥላቸው ነው።"

ዓፊያ ክብሪቱን ልትነጥቃት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። እውነት ቢሆንስ? ትናንት ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጭምብላሞቹን ያሳየቻት እሷው ናት። ስትስቅባቸው የኖረችው ሁሉ ከወለሉ ላይ አሻቅበው የሚያፈጡባት መሰላት።

"ቆይ" አለች። "የትኛው እንደሆነ ልወቅ። እሱን እኔው በእጄ ነው የማነድደው።"

እየቀፈፋት አንዱን አንስታ ልጅቷ ፊት ገለጠች። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነው?"

በራሪው አልነበረም። ጥቁር ጭምብላሙም አልነበረም። ቀንዳሙንም ከውሰር ዝም ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ግን ዓይኑ መስታወት፣ አፉ የተሸበበ፣ ጀርባው ላይ በርሜል አዝሎ በቱቦ ጭስ የሚረጭ ክፉ ሰው መጣ። ከውሰር ጩኸቷን አቀለጠችው።

"እሱ ነው! ሽንኩርቱ ውስጥ! ረጨኝ!"

ጀነት ገጹን ልትቀድ ተወረወረች። ዓፊያ እጇን ያዘቻት።

"ወረቀት ይረጫል እንዴ፣ አንቺ?"

ጎንበስ ብላ የልጅቷን ቀሚስ አሸተተች። አፍንጫዋን ሰነፈጣት። ከጓሮው ማዶ፣ በድሩ የሚባለው ጎረቤታቸው ሽንኩርቱን የሚረጭበት የትል መድኃኒት ነው። ጠዋት መነጽሩን አድርጎ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ታንኩን በጀርባው አዝሎ ሲያልፍ ራሷ አይታዋለች። ጅን ቢሆን በዱዓ ይለቅ ነበር። ይሄ ግን ትል የሚጨርስ ነገር ነው፤ ይቺ ከትል በምን ትበልጣለች? ቀና አለች።

"መድኃኒት ነው! ልጅቷ ተመርዛለች!"

ሙሀመድኑር በሩ ላይ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። "ደግሞ ሐኪም ሆንሽ? ሼሁ እየመጡ ነው፣ ቁርአን ይቀሩላታል።"

የከውሰር ትንፋሽ ጉሮሮዋ ውስጥ ተንኮረኮረ። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ።

ዓፊያ ስልኩን ከልጇ እጅ መንጭቃ ወለሉ ላይ ጣለችው።

"ሼሁ ሆስፒታል ይምጡና እዚያው ይቅሩላት! ጀነት፣ ቀሚሷን አውልቂላት፣ ገላዋ ላይ ውሃ አፍስሽበት፣ ቶሎ! አንተ ባጃጅህን አስነሳ! በድሩ ደጅ ቆመህ ሐኪሙ እንዲያየው የመድኃኒቱን ጠርሙስ ተቀበለው፣ እንቢ ካለህ ቀማው። ሐኪሙ ፊት ደግሞ ጅን የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ፤ መድኃኒት ተረጭታ ነው በል፣ ሰማኸኝ? መድኃኒት በል!"