ግንባር የሚመታው ግንድ

አዛውንቱ ሄስኬት ተወልዶ ያደገበት በእንግሊዝ አገር የዮርክሽር የእርሻ ቤት መጠጥ ቤት ከሆነ ወዲህ እግሩ ሲረግጠው የመጀመሪያው ነው። በኮቱ ኪስ የአባቱን የብረት መንጠቆ ይዟል። ድሮ የአሳማ ጭን በዚህ መንጠቆ ከምድጃው በላይ ከተጋደመው የኦክ ግንድ ይንጠለጠል ነበር። አዲሷ ባለቤት ግዌንዳ ወደ ቦታው ልመልሰው ብላ ለምናዋለች። እሱ ግን ግንዱ ያው የድሮው መሆኑን ሳያረጋግጥ ሊሰጣት አላሰበም።

ወደ ምድጃው ተጠግቶ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ ቀና ቢል ግን ግንዱ ከራሱ በላይ ስንዝር ያህል ርቆ ቀረ።

«ግንዱን የት አደረስሽው?»

«ያው ነው እኮ፣ ሚስተር ሄስኬት!»

«ልጅ ሳለሁ ይሄ ግንድ ግንባሬን ሳይመታኝ ያለፈ ሳምንት የለም። ወይስ እኔ አጠርኩ?»

«ወለሉን ቆፍረን ዝቅ አደረግነው። ደንበኛ እየተፈነከተ ቢራ አይጠጣማ!»

«አባቴ እየተፈነከተ ነው ሲጠጣ የኖረው።»

ባንኮኒው ጋ ያሉት ሳቁ። ሄስኬት አልሳቀም። የከተማ ሰው አዲስ እንጨት ጥቁር ቀብቶ አሮጌ ነው እንደሚል ሰምቷል። ግንዱን በጥፍሩ ፋቀው፤ ጣቱንም አሸተተ።

«የምድጃውን መደብ ግን አልነካነውም፤ በድሮው ወለል ልክ ነው» አለች ግዌንዳ። «ካላመኑኝ እሱ ላይ ወጥተው ይዩት።»

ልታታልለው እንደሆነ እየጠረጠረ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ወጣ። ግንባሩ ከግንዱ ጋር የተጋጨበት ድምፅ እስከ ባንኮኒው ተሰማ።

ግዌንዳ ደንግጣ በረዶ ልታመጣ ሮጠች። ስትመለስ ሄስኬት በአንድ እጁ ግንባሩን ይዞ፣ በሌላው መንጠቆውን የሚሰካበትን የድሮውን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።