መርጫው የታጠበበት ጅረት

ኬሚካል ረጪው በንጽሕናው የማይታማ ሰው ነበር። በየሰዉ ማሳ እየዞረ ተባይ ሲያጠፋ ይውልና፣ በጀርባው የሚያዝላትን የመርጫ ታንክ ደጋግሞ ያለቀልቃታል። የመድኃኒቱ መመሪያ እጣቢውን መልሰህ ማሳው ላይ ርጨው ይላል። እሱ ግን ቲማቲሙ እጥፍ መድኃኒት ጠጥቶ እንዳይቃጠል ይሳሳለትና ወርዶ ጅረቱ ውስጥ ይደፋዋል። ወራጅ ውሃ ምን ይይዛል፣ ጠርጎ ይወስደዋል ባይ ነው። ወዴት እንደሚወስደው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ሞኝ ቢሉት ደግሞ ይቆጣል።

ጅረቱ የሚወርደው እህቱ ዘንድ ነበር። እናታቸው ከሞተች በኋላ እሱን ያሳደገችው እትዬ፣ ከታች ውሃውን በቦይ ጠልፋ ዓሣ ታረባለች። መተዳደሪያዋ ያ ኩሬ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት "ቶሎ ድረስልኝ" ብላ ደወለችለት። ሲደርስ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ኩሬውን ሞልተውታል። እሷ እስከ ጉልበቷ ገብታ በመረብ እየሰበሰበች ታወጣቸዋለች።

"ይኸውልህ ጉዴን" አለችው። "ያ ንብ አናቢው ጎረቤቴ ደግሞ አያፍርም፣ 'ትናንት ወንድምሽ ከላይ ጅረቱ ውስጥ መርጫ ሲያጥብ አይቻለሁ' ይለኛል። የኔ ወንድም እንኳን መርዝ ሊደፋብኝ መንገድ ላይ ምራቁን አይተፋም አልኩት። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ብዬ አባረርኩት።"

ዝም ቢል የጎረቤትየውን ወሬ የሚያምን የለም፤ እሷ እንደሆነች ከራሷ አብልጣ ታምነዋለች። የከበደውም ይኸው ነው። ልጅ ሳለ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ዛሬም ስለ እሱ ብላ ከሰው ተጣልታለች።

"እትዬ፣ ሰውዬው አልዋሸም" አላት። "እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እዚያው ነው የማጥበው። ውሃው ይዞት የሚሄድ መስሎኝ።"

መረቡን ዝቅ አደረገችው። ብትሰድበው በወደደ ነበር፤ ስድብ ይቀለዋል። እሷ ግን ከኩሬው ወጣች፣ እግሯን በሣሩ ጠራረገችና ጫማዋን አደረገች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ሰውዬውን ይቅርታ ልጠይቀው ነዋ። አንተም ትመጣለህ።"

ወደ ጎረቤትየው ለመሄድ ቦዩን መሻገር ያስፈልጋል። ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ እሱ ቀድሞ ይሻገርና እጁን ይሰጣታል። ዛሬም ተሻግሮ ዘረጋላት። ለአፍታ እጁን አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የቦዩን ዳር ድንጋይ ይዛ ብቻዋን ተሻገረች።