ዘንድሮ አንድ ብቻ

ዐዋጢፍ ድንጋይ የምትቆጥር ሴት ነበረች። ከአሶሳ ወደ ዳቡስ ወንዝ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ የሚያልፈው በደጇ ነው፤ ከደጇ ፊት ለፊት ደግሞ ትልቅ ዋርካ አለ። መንገድ የበላው ሰው ሁሉ፣ ወንዝ ይውሰደው ገደል፣ ነብር ይብላው ንዳድ፣ ስሙ ተጠርቶ ከዋርካው ሥር አንድ ድንጋይ ይቀመጥለታል። የአገሩ ደንብ ነው። በየዓመቱም አዲስ ክምር ይጀመራል። የአምናው ክምር ዘጠኝ ድንጋይ ነበር፤ አንዱ የወንድሟ የሙርሳል ነው።

አምና ገበያው ደርቶ ነበራ! ወርቅ ገዢው ከሱዳን፣ ጨው ጫኙ ከደጋ ይጎርፋል፤ አህያው፣ ሰዉ፣ ጫጫታው ለጉድ ነበር። ዘንድሮ ግን ሱዳን በጦርነት ታመሰና ገዢው ቀረ። ገዢ ሲቀር ጨው ቀረ፤ ጨው ሲቀር እህል ጫኙም ቀረ። ወርቅ የያዘ ሰው ማሽላ አጥቶ ጦሙን አደረ። ምን ያድርግ፣ ወርቅ አይቆረጠም!

በመንገዱ የሚወርድ ስለጠፋ ከዋርካው ሥርም አንድም ድንጋይ አልተቀመጠም። ዐዋጢፍ ይህን አይታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር። ባሏ ሻዕባን አህያ ነጂ ነው፤ አሥር በጋ ሙሉ እሱ በወጣ ቁጥር ስትሞት ስትነሳ ኖራለች። አሁን ከቤቱ ተቀምጧል። «አላህ ሳይደግስ አይጣላም» ትል ነበር ለጎረቤቶቿ። «ገበያውን ገደለና ሰዉን ማረልን።»

ይሄ እንግዲህ ረሃቡ እስኪገባ ድረስ ነው። ማሽላው ከጎታው አለቀ። ዝናቡ ሲጀምር የቀርከሃ ቡቃያ ያለ ጨው ቀቅለው በሉ። የአራት ዓመቷ ልጃቸው ሰዕዲያ እግሯ አብጦ ከመደብ መውረድ አቃታት።

«ሂድ» አለችው ዐዋጢፍ አንድ ጠዋት። «ከዳቡስ ማዶ ማሽላ አለ ይላሉ። ያለችንን ወርቅ ይዘህ ሂድ።»

ሻዕባን ቀና ብሎ አያት። ልብሱን ይዛ አትሂድብኝ እያለች ታለቅስ የነበረች ሴት! «ከማን ጋር ልሂድ? አርባ ሰው ስንሆን እኮ ነው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚይዘው። አሁን እሄዳለሁ የሚል ጎረቤታችን ጁምዓ ብቻ ነው።»

«የሰዕዲያ አባት፣ ዋርካውን እየው እስቲ። ዘንድሮ ማንን ገደለ? ወላሂ፣ መንገዱ እንዲህ ደግ ሆኖ አያውቅም።»

ሻዕባን ዞሮ አየ። እውነትም ባዶ ነው። «የወንዙ መሻገሪያ ገመድም ቢሆን የራሴ እጅ ሥራ ነው» አለ፣ ልቡን ሊያደፋፍር።

ዳቡስን የሚሻገሩት ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የዛፍ ልጥ ገመድ ይዘው ነው። በበጋ መግቢያ ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይገምዳል። አምና የገመደው ሻዕባን ነበር፤ ተመስግኖበታልም። ዘንድሮ ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ ስለሌለ አዲስ የወጠረ የለም። ይሄን እሱም እሷም ያውቃሉ። ግን ሰው በገዛ እጁ ሥራ ከኮራ ማን ይመልሰዋል? በዚያ ላይ ልጁ እየራባት።

በአምስተኛው ቀን ጁምዓ ባዶ አህያ እየነዳ ብቻውን መጣ። በእጁ ከክንድ የማይበልጥ የልጥ ቁራጭ ይዟል። ዐዋጢፍ ከሩቅ አይታው ወደ መንገዱ ሮጠች።

«ምስጥ በልቶታል» አለ ጁምዓ፣ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ከታሰረበት ግንድ ላይ፣ ከቋጠሮው ሥር። ላይ ላዩን ደህና ነበር። ‹የኔ ገመድ ነው፣ እኔ ልቅደም› ብሎ ገባ። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ተበጠሰ። እጄን ዘረጋሁ፣ ዐዋጢፍ፣ ዘረጋሁ... አልደረሰም። ሌላ የሚይዘው ሰው አልነበረም።»

ወይ ነዶ! የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን አሥር ዓመት ፈርታ ሳይደርስባት፣ መፍራቱን በተወች ጊዜ ደረሰባት።

በማግስቱ ሰዉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ዐወድ የሻዕባንን ስም ጠርተው ድንጋዩን አስቀመጡ። ከጎኑ ያለውን የአምናውን ክምር አዩና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ሊያጽናኗት ነው መቼም። «አምና ዘጠኝ፣ ዘንድሮ አንድ ብቻ። መንገዱ ምሮናል።»

ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። ዐዋጢፍ አላለችም።

«ሼህ፣ አምና በዚህ መንገድ ስንት ሰው ወረደ?»

«ማን ይቆጥረዋል፣ ልጄ? እንደ ጉንዳን ነበር እኮ።»

«ዘንድሮስ?»

ሼህ ዐወድ የዘረጉትን መዳፍ አጠፉ።

«ሁለት» አለች። «እኔም እንደ እርስዎ ድንጋዩን ብቻ ቆጥሬ ነው ባሌን የላክሁት።»

ከቤት ውስጥ ሰዕዲያ ተጣራች። አባቷ ማሽላውን ይዞ መጥቶ እንደሆነ ነው የምትጠይቀው።