ከቆርቆሮው ሥር የሚታይ ተረከዝ

የተረከዝ ሕመም ቀላል የሚመስለው ላላመመው ሰው ነው። ወለቴን ጠይቋት። ጠዋት ከአልጋ ወርዳ ቀኝ እግሯን መሬት ስታስነካ ከተረከዟ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጋት ነገር ነበረባት። ወዲያ ወዲህ ስትል ይለዝብላታል፣ ተቀምጣ ስትነሣ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራታል። ዓመት አለፈው። ቅቤ አሸች፣ በጨው ውኃ ዘፈዘፈች፣ የሆስፒታል ክኒን ዋጠች፤ ሕመሙ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ተረከዟን አንሥታ በጣቶቿ ብቻ መርገጥ ጀመረች። ነቀምቴ ደግሞ አቀበትና ቁልቁለት ናት፤ በጣት እየረገጡ የሚዘልቋት ከተማ አይደለችም።

ቤቷ ተኝታ ብታስታምመው በወደደች። ግን ማን ይተኛል? ባሏ ጨመዳ ታስሯል። አስተማሪ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ መዘምራኑን ይመራ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ከክፍል ጠርተው ወሰዱት፤ ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ በዚያ ዘመን «ለምን» ማለት ራሱ ያሳስር ነበር። መንግሥት ያስራል እንጂ አያበላም። ስለዚህ ወለቴ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ እየለካች፣ በየቀኑ ደግሞ ስንቅ ተሸክማ እያነከሰች ዳገቱን ትወጣለች። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቁን ለሷ ትተውላት አርፈዋል።

እስር ቤቱ ከከተማው ዳር ያለ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ስንቅ የሚያመላልሱት በአጥሩ ጥግ ተሰልፈው ይሄዱና በሩ ላይ ምሳ ዕቃውን ለጠባቂው ይሰጣሉ፣ የትናንቱን ባዶ ይቀበላሉ፣ ይመለሳሉ። መተያየት የለም፣ መነጋገር የለም። አንዲት እናት የልጇን ስም ጮክ ብላ ስለጠራች ብቻ ልጇ ስንቅ ተከልክሏል። ሰው ደህና መሆኑ የሚታወቀው ከሚመለሰው ዕቃ ነው።

ወለቴ የጨመዳን ደህንነት የምታውቀው በካሮት ነበር። ይህ ሰውዬ ከልጅነቱ ካሮት አይወድም። ጥቅል ጎመን ውስጥ ስትጨምርበት አንድ በአንድ ይለቅምና ከሳህኑ ጠርዝ ይደረድረዋል። በትዳራቸው ከልብ የተጨቃጨቁበት ነገር ቢኖር ይኸው ካሮት ነው። ታስሮም ያው ነው፤ ምሳ ዕቃውን ስትከፍት ካሮቱ ከዳር ተሰልፎ ታገኘዋለች። «እዚያም ገብተህ ትመርጣለህ?» ትላለች ለባዶው ዕቃ፤ ሆዷም ረጋ ይላል።

አንድ ቀን ዝናብ አድሮበት በቦካው ጭቃ ላይ፣ ልክ ከአጥሩ አጠገብ፣ እግሯ ከዳትና በአፍጢሟ ተደፋች። ወጡ መሬት ፈሰሰ። ሁለት ጠባቂዎች ከግራና ከቀኝ ብብቷን ይዘው እየጎተቱ ከሰልፉ አወጧት። ጨመዳ ያን ቀን ጦሙን ዋለ። ወለቴ ቤቷ ገብታ ያለቀሰችው ለእግሯ አልነበረም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ለገበያ ከጉቴ የሚመጡትን ወጌሻ፣ ኦቦ ባቻን፣ አስጠራች።

ባቻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ተረከዝን ግን የሚያክሙት በመምታት ነው፤ ቆዳ የለበሰች ትንሽ የወይራ መዶሻ አለቻቸው። ቅቤ ቀብተው ተረከዟን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑ ሲጫኑ ቆዩና፣ ወለቴ ትንፋሿ ቁርጥ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ጣታቸውን እዚያው አቆሙ። መዶሻዋን ግን ወዲያው አላነሡም።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አልዋሽሽም» አሏት። «ስመታሽ ያምሻል። ነገ ከዛሬ ይብስብሻል፤ ባቻ ገደለኝ ትያለሽ። በይ፣ አልቀየምሽም። ያረጀ ሕመም የተኛ ነው፤ ሰውነትሽ ረስቶታል። መዶሻዋ የምትቀሰቅሰው ሰውነትሽ አስታውሶ እንዲጠግነው ነው። በአንድ ቀን አይሆንም፤ በየገበያው ቀን እመጣለሁ። እስክጨርስ ግን ከደጅ አትወጪም።»

ወለቴ ስለ ስንቁ ነገረቻቸው፤ ለመነቻቸው። ሽማግሌው መዶሻዋን መልሰው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ። መትቼሽ ዳገት ከወጣሽበት የኔ ሥራ መጉዳት ብቻ ነው አሉ። ያን ጊዜ ጎረቤቷ ድርቤ፣ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው፣ ስንቁን እኔ አደርስልሻለሁ አለች። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ፤ ክፉ አሳብ በማንም ልብ አልነበረም።

መዶሻዋ ኃይለኛ አይደለችም፤ ክፋቷ እዚያችው ቦታ ላይ ደጋግማ ማረፏ ነው። ወለቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቻለችው። በማግሥቱ እንደተባለው ባሰባትና ባቻን እስከ ዘር ማንዘራቸው ረገመቻቸው። በሚቀጥለው ገበያ መጥተው መቱ፤ በሚቀጥለውም። ቀስ እያለ ሕመሙ ጠበበ፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆነ፣ ከዚያ እሱም ተረሳ።

ድርቤ ደግሞ በየቀኑ የምሥራች ይዛ ትመለስ ነበር። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ይመጣል፤ ካሮቱ ሳይቀር። ወለቴ ዕቃውን እያገላበጠች ሳቀች። አቤት፣ እኔ በስንት ጭቅጭቅ ያላስበላሁትን እስር ቤት አስበላው አለች።

የዳነች ዕለት ሁለቱንም ተረከዟን መሬት እያስነካች ዳገቱን ወጣች። በአጥሩ ጥግ ቀጥ ብላ ስታልፍ፣ ምነው ጨመዳ ባየኝ ብላ ተመኘች። በነጋታውም ዕቃው ተጠርጎ ነው የተመለሰላት።

ብዙም ሳይቆይ ከጨመዳ ጋር አንድ ክፍል የታሰረ መገርሳ የሚባል አስተማሪ ተፈታ። ለቤተ ዘመዱ ክፉ ወሬ ሊነግር ወደ ሱቁ መጣና ወለቴን ጨርቅ ስትለካ አገኛት። መቃኑን ይዞ ቆመ።

«አለሽ እንዴ?» አላት።

አስቀምጣ ውኃ ሰጠችው። ከቆርቆሮው ሥር ስንጥቅ የምታህል ክፍተት አለች አለ። እስረኛው ጠዋት ግቢ ሲወጣ ጨመዳ በሆዱ ተኝቶ በዚያች ክፍተት ያያል፤ የሚታየው ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ ነው። የከተማው ሴት ሁሉ ያን ጊዜ የሚጫማው ያንኑ ጥቁር ኮንጎ ነበር፤ እግርን ከእግር መለየት አይቻልም። ጨመዳ ግን ሚስቱን ይለያታል፤ ቀኝ ተረከዟ መሬት አይነካማ። እሷ ካለፈች በኋላ ፊቱ በርቶ ይውላል። አንድ ቀን ያ እግር ሲወድቅ አየ፤ ሁለት ጥንድ ቡትስ ጫማ ሲጎትተውም አየ። ከዚያ ወዲያ አልታየም። መርማሪውን ቢጠይቀው፣ «እኛ ጋ ናት» አለው።

ወለቴ ይህን ሰማች። የወጣላት ቃል ግን አንድ ብቻ ነበር። «ስንቁንስ?»

«እኛ ነን የበላነው» አላት መገርሳ አቀርቅሮ። «ጨመዳ ራሱ፣ እናንተ ካልበላችሁት ጠባቂው ይበላዋል እያለ ይሰጠናል። እሱ፣ ሚስቴ ታስራ እኔ አልበላም ብሎ፣ ከውኃና በግድ ከምናጎርሰው ቁራሽ በቀር አይቀምስም። አሁን ግድግዳ ሳይዝ አይቆምም። ግን ጠዋት ጠዋት እየዳኸ ወደዚያች ክፍተት ይሄዳል።»

የካሮቱ ነገር ያን ጊዜ ገባት። ያን ሁሉ ቀን የሳቀችው በባሏ ረኀብ ላይ ነበር። ወይ ነዶ! ወረቀት እንዳትልክ፣ እንጀራው እየተበጣጠሰ ይፈተሻል። እንዳትጣራ፣ ያችን እናት ታውቃለች። የቀራት እግሯ ብቻ ነው፤ እግሯ ደግሞ ድኗል።

ማልዳ ተነሥታ በግቢዋ ውስጥ ማነከስ ሞከረች። አልሆነም። ተረከዟን ስታነሣ ሌላው እግሯ አብሮ ይሳሳታል፤ ድርቤ አይታ ዳንስ መስሏት ልትስቅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሳትፈልግ ያነከሰችው ሴትዮ አሁን ፈልጋ አቃታት። ከመንገዱ ላይ ሹል ጠጠር ለቀመችና ከኮንጎዋ ውስጥ፣ ባቻ ሲመቱት ከነበረው ቦታ ሥር አስቀመጠችው። አንድ ጊዜ ረገጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተረከዟ በራሱ ተነሣ።

በአጥሩ ጥግ ከሁሉ ኋላ ቀርታ በዝግታ ሄደች። የወደቀችበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ዕቃውን መሬት አስቀምጣ ቀኝ እግሯን አሳረፈች፣ አነሣች፣ አሳረፈች፣ አነሣች። ጠባቂው ገፋ አድርጎ እስኪያሳልፋት ድረስ እዚያው ነበረች። ከቆርቆሮው ወዲያ ምንም አልተሰማም። የተቀበለችው ዕቃ የትናንቱ ነውና ተጠርጎ ነበር። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ በነጋታውም ያንኑ ጠጠር ረግጣ ወጣች።

ዕቃውን እንደተቀበለች እቤት እስክትደርስ አልጠበቀችም፤ መንገድ ዳር ከፈተችው። ምግቡ፣ ሌላ ሰው ሳይነካው፣ እንዳለ ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ ወገን ብቻ፣ አንጀቱ የደረቀ ሰው ሊበላ የሚችለውን ያህል፣ ጥቂት ጉርሻ ጎድሏል። ከጠርዙ ላይ ካሮቱ አንድ በአንድ ተደርድሯል። ወለቴ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ምሳ ዕቃውን አቅፋ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ጠጠሩ ከጫማዋ አልወጣም። ተረከዟ ዳግመኛ ማበጥ ጀመረ፤ ሰዉም የባቻ መዶሻ አልሠራችም እያለ ያማቸው ጀመር። እውነቱን ለማን ትናገራለች? ወሬው ጉቴ ደርሶ ሽማግሌው በገበያ ቀን ሱቋ መጡ። ስታነክስ አዩና ፊታቸው ጠቆረ። ምንም ሳይጠይቁ አስቀመጧት፣ ኮንጎዋን አወለቁ፤ ጠጠሩ ዱብ አለ።

ወለቴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ባቻ ጠጠሩን አንሥተው ሲያገላብጡት ቆዩና ከደጅ ወረወሩት። ልትቃወም አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ። ወጥተው መንገዱ ላይ ጎንበስ ብለው ፈለጉ፣ ፈለጉ፤ ክብ ጠጠር ይዘው ተመለሱ። በአውራ ጣታቸው ተረከዟን ዳሰሱና ጠጠሩን ከጫማው ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው አስቀመጡት። ኮንጎውንም ራሳቸው አጠለቁላት።

«እዚህ ጋ ይሁን» አሏት። «ያስነክስሻል፣ አጥንቱን ግን አይነካም። ጨመዳ ሲወጣ አስጠሪኝ።»